የስኮርታዋ ንፋስ

አባቴ ጎማ ሲመርጥ በመጀመሪያ ያሸትተዋል። ሰው ሳቀ አልሳቀ ግድ የለውም። አፍንጫውን ወደ ጎማው ሆድ አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጥሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥርሱን ጫን ጫን ያደርጋል፤ በጣቱ አንጓ ጎኑን ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል። ጎኑ ላይ የታተመውን አራት ቁጥር የሚያነበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «አዲስ ጎማ የሚባል ነገር የለም» ይላል፤ «ያልተነዳበት አሮጌ ግን ሞልቷል።» ይህን ሁሉ ጨርሶ ጎማውን በጫማው ጫፍ ገፋ ካደረገው ተፈርዶበታል፣ ይግባኝ የለውም። ሙያው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ሰው ግን ዳኛው ነበር የሚለው።

እኔ የዚህ ሰው አንድያ ልጅ ነኝ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ቫልቭ መፍታትና ማሰር እንደ እሱ እችል ነበር። ቫልቭ በጎማው መንፊያ አፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከክብሪት እንጨት የማትረዝም ብረት ናት፤ እሷ ከወጣች ጎማው ባዶ ነው። ሌሎቹ የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ በጥቁር እጄ ፊቴን እያከክኩ ከአባቴ ጎን እቀመጥ ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ ወለድኩ ወይስ የጎማ ልጣፊ?» እያለች በሳሙና ትፈትገኛለች።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ምን እንደተያዘ አልገባኝም። እናቴ ተኝታለች። «ወገቧን ነው» ተብያለሁ። ወገቡን ያመመው ሰው ግን በቀን ሁለቴ አንሶላ አይቀየርለትም። የሰፈሩ አዋላጅም ጠዋትና ማታ እየተመላለሰች፣ በር ዘግታ አታንሾካሹክለትም። አዋላጇ እኔን ባየች ቁጥር ወሬ ትቀይራለች። «ውይ፣ ይሄ ፀሐይ ደግሞ!» ትላለች፤ ውጭው ዳመና ነው።

ዛሬ እንደማውቀው እናቴ እርጉዝ ነበረች፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ደምም ይፈሳት ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፀንሳ አልቆመላትም። ስለዚህ ሦስተኛውን ማንም በአፉ እንዳያነሳባት አስምላለች፤ በተለይ እኔ እንዳልሰማ፤ የልጅ አፍ ወንፊት ነው ብላ። በሰፊ ቀሚስ ስትንጎራደድ እያየሁ እኔ ወፈረች ብዬ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስታቅፈኝ ትሞቃለችና።

ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የሚነዳት ጂፕ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት፣ ጭቃም አቀበትም የማትል መኪና ናት። ያን ቀን ግን ስትመጣ ጎማዎቿ እንደ እንቁላል ተላጭተው ነበር። አጎቴ ከአባቴ ጋር ጓሮ ገብተው ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጆሮዬን ጣልኩ።

«እዚህ ቤት ከቆየች ትሞትብሃለች፣ ጋሼ» አለ አጎቴ። «ነገ ከነገ ወዲያ ሳትል ልውሰዳት።»

«በዚያ ኮረኮንች?»

«በየት ልወስዳት ነው ታዲያ፣ በሰማይ?»

«ትሂድ። አትሂድ አላልኩም። በነዚህ ጎማዎች አትሄድም ነው የምለው።»

«አንተ ደግሞ! ሰው ሊጠፋ ነው ስልህ ጎማ ትለኛለህ!»

ሲያንጎራጉር ሰማሁት፤ አባቴ ሲጨንቀው ያንጎራጉራል።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። የእኔ ያን ቀን ሁለቱም ጥሬ ነበሩ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት የሄደችው ልክ እንዲህ ነው፤ ወንድሟ በመኪና መጣ፣ ወንዶቹ ጓሮ ገብተው ተነጋገሩ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ አልተመለሰችም። ልብስ ሰፊው መርፌ እየሰካ አንድ ዓይኑ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አጎቴ እናቴን ከአባቴ ሊወስዳት መጥቷል። አባቴ ደግሞ በጎማ እያመካኘ ጊዜ ይገዛል። በአባቴ ብልሃት ኮራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጎማ መደብሩ ይዞኝ ሄደ፤ እኔን የሚይዝ ሰው ቤት አልነበረም። መደብሩ ጨለም ያለ፣ እስከ ጣሪያው በጎማ የተደረደረ፣ ሽታው አፍ ውስጥ የሚገባ ክፍል ነው። ሻጩ ከበሩ ላይ «ዳኛው መጣ! ችሎቱ ይከፈት!» ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ሻጩ በመጀመሪያ ጥርሰ ረቂቅ፣ ጎነ ስስ ጎማ አወረደ። «ይሄን ውሰድ፣ መንገዱ አይታወቅህም፣ ፍራሽ በለው» አለው። አባቴ ጎኑን በጉልበቱ ተጫነው፣ አቀፈው፣ ለቀቀው። ከዚያ በጫማው ጫፍ ገፋው። «ድንጋዩ ጎኑን ይበላዋል» አለ።

ሁለተኛው ዓይነት ጥርሱ ትልልቅ ነበር፤ የአራቱን ጎማዎች ቁጥር ሲያነብ ግን አንዱ ከሌላው በሦስት ዓመት ይበልጥ ነበር፤ እሱም ተገፋ። ሦስተኛውን አሽትቶ ብቻ ተወው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሻጩ ምሳውን ቆሞ በላ። እኔ ጎማ ቁልል ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ በልቤ «በርታ፣ አባዬ» እላለሁ።

አራተኛው ዓይነት ሲወርድ የሻጩን ሁለት እጅ አስቸገረ። ጎኑ ወፍራም፣ ጥርሱ ጣቴ የሚገባበት፣ በአንጓ ሲመታ እንደ ጣውላ የሚጮህ ጎማ ነው። አባቴ እሱ ላይ ቆየ።

«ይሄ ንፋሱ ቢቀነስለት ጎኑ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ንፋስ ለምን ይቀነሳል? ዳኛው፣ ጎማ ሲሞላ ነው የሚኖረው» አለ ሻጩ፤ ለቀባሪው አረዱት። «በዚህ ላይ ይሄ ከባድ ነው፣ ያንገጫግጫል። ለሰው ከሆነ ያኛውን ውሰድ ብዬሃለሁ። ደግሞስ ከጠዋት እስከ አሁን! ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?»

«ሚስት ስመርጥ ይህን ያህል አልተጨነቅኩም» አለ አባቴ።

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። እናቴን ያቃለላት መሰለኝ። አባቴ እንዲህ ብሎ ዞር ሲል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ አቧራ ነው አልኩ፤ መደብሩ አቧራ ነበረው። ከዚያ የባሰ መጣ። «አራቱንም ከዚህ አውርድልኝ» አለ። ጊዜ ሲገዛ የነበረው ሰው ዞሮ ዞሮ በገበያው ላይ ያለውን ጠንካራ ጎማ መረጠ ማለት ነው። ይህን ጎማ ማን እንደሚያስገጥም አውቃለሁ፤ ሩቅ የሚሄድና ቶሎ የማይመለስ ሰው ነው። አባቴ እናቴን ሸኛት።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ሲይዘኝ ነጠቅኩት። «ደከመሽ?» አለኝ። ቀድሜው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጂፗን በክሪክ አንስቶ አሮጌዎቹን አውርዶ አዲሶቹን አሰረ፤ ስኮርታዋን፣ ማለትም ከኋላ የምትንጠለጠለውን ትርፍ ጎማ፣ ከአሮጌዎቹ የተሻለውን አድርጎ ሞልቶ ነፋት። አጎቴና አዋላጇ ከእናቴ ጋር ውስጥ ነበሩ። ከዚያ አባቴ ያደረገውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከአንደኛው ጎማ ፊት ተንበረከከ፤ የቫልቩን አናት በጥፍሩ ተጫነ። ጽጽጽጽ። በንፋስ መለኪያው ለካ፤ እንደገና ተጫነ። ጎኑን በጉልበቱ ገፍቶ አየ፤ እንደገና ተጫነ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። አዲሶቹ ጎማዎች መሬቱ ላይ ሆዳቸውን ዘረጉ።

ቆሜ ስመለከተው አየኝ።

«ለአጎትሽ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለ። «አንቺ ዝም በይ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። አባቴ ለካስ አልሸኛትም! ለይምሰል ጠንካራ ጎማ ገዝቶ፣ በስውር እያስተነፈሰው ነው። በንፋስ አልባ ጎማ ማንም የትም አይሄድም፤ ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።

አጎቴ ቀድሞ እንዳይሰማ የፈለገው ጎማው በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የተገዛ ንብረት ስለሆነ ነው። በጎደለ ንፋስ ኮረኮንች ላይ የተነዳ አዲስ ጎማ ዕድሜው ያጥራል፤ የሚጠየቅበት አጎቴ ነው። ስሱ ጎማ መንገድ ላይ ይፈነዳል፤ ጠንካራው ሙሉ ንፋስ ከያዘ የታመመችውን ሴት ያንገጫግጫታል። አባቴ ያን ቀን ሙሉ የፈለገው፣ ንፋሱ ጎድሎለት ረግቦም እንኳ ድንጋዩን የሚችል ጎማ ነው። ይህን ዛሬ ለማንም ሰው በአንድ ትንፋሽ አስረዳለሁ። ያን ቀን ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል?

አባቴ እጁን ሊታጠብ ሲገባ እኔ ስኮርታዋን አየኋት። ሞልታ፣ ተነፍታ፣ ከጂፗ ጀርባ ተንጠልጥላለች። አባዬ እሷን ረሳት፣ አልኩ። አንዲት ስኮርታ አራት ጎማ እንደማትተካ ጎማ ቤት ያደገች ልጅ ማወቅ ነበረባት፤ አላሰብኩትም። በርሜል ላይ ወጣሁ፣ ክዳኗን ፈታሁ፣ ቫልቯን ነቀልኩ። ንፋሱ ፊቴ ላይ ወጥቶ አለቀ። ክዳኑን መልሼ አጠበቅኩና ወረድኩ። ቫልቯን የቤቱ ፍሳሽ ውስጥ ጣልኳት።

ጠዋት አባቴ እናቴን በብርድ ልብስ አቅፎ አወጣት። ጂፗ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል። አዋላጇ የእናቴን ሻንጣ ይዛለች። እናቴ ጉንጬን ስማ «ቶሎ እመጣለሁ፣ እሺ የኔ እናት?» አለችኝ፤ ከንፈሯ ደረቅ ነበር። እኔ በሆዴ እስቃለሁ። የትም አትሄጂም እላለሁ።

አጎቴ ጎማዎቹን አይቶ «ጋሼ! ምን አድርገሃቸው ነው?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶ መሪውን ያዘ። ጂፗ ተነሳች። ሄደች! ንፋስ ጎድሏትም እንደ ሽማግሌ እየተጎተተች ሄደች። ከሁሉ ግራ ያጋባኝ ደግሞ አባቴ ከኋላ ገብቶ የእናቴን ራስ ጭኑ ላይ ማድረጉ ነው። ሰው ሚስቱን ሊያስረክብ አብሮ ይሄዳል እንዴ? ልብስ ሰፊው እጄን ይዞ ቤቱ ወሰደኝ። ጨርቅ ቁርጥራጭ ሰጠኝ። አንድም ነገር አልጠየቅኩትም፤ እሱም ዓይኑ መንገድ ላይ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። እናቴ ከመኪናው በእግሯ ወረደች፤ ከስታለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። እየዘለልኩ ሄጄ ተጠመጠምኩባት። «መጣሽ! መጣሽ!» እያልኩ ጨፈርኩ። እናቴ አየችኝ፣ ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። መሄዷ ስላልተሳካላት የተናደደች መሰለኝ። ያን ጭፈራዬን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

የሆነውን የነገረኝ አጎቴ ነው፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ድንገት አነሳው። ከግማሽ መንገድ በላይ በደህና ሄደው ነበር፤ እናቴ «ጎማው ጥሩ ነው» ብላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር አለ። ከዚያ እንደ ቢላ የተሳለ ድንጋይ የኋላውን ጎማ ከጎኑ ቀደደው። ስኮርታዋን ሲያወርዷት ባዶ ናት። አባቴ ከተቀደደው ጎማ ቫልቭ ነቅሎ ለስኮርታዋ አደረገ፤ በእጅ መንፊያ ሲነፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እናቴ መንገድ ዳር ፍራሽ ላይ ነበረች። ሆስፒታል ሲደርሱ ወንድ ልጅ ተወለደ። እስከ እኩለ ቀን ኖረ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለ አንድ ሐኪም፤ እናቴ ይህን ቃል ተሸክማው ተመለሰች።

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ምን ፊት እንዳሳየሁት አላውቅም። አንድ ጊዜ፣ ካደግኩ በኋላ፣ የማላውቀውን ሐኪም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ጠየቅኩት። አንድ ሰዓት ለውጥ ያመጣ ነበር ወይ አልኩት። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል» አለኝ። ከዚህ የባሰ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ግን ተጠያቂውን አግኝታለች። «ስኮርታ ሳያይ የሚወጣ ጎሚስታ!» ትለው ነበር፤ በመጀመሪያ እያለቀሰች፣ በኋላ ያለ ዕንባ፣ ከዚያም እንደ ሰላምታ። በእግሩ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ «ስኮርታህን አይተሃል?» ትለዋለች። እሱ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይወጣል። ደንበኞቹ ዳኛው ማለታቸውን አልተዉም፤ እሱ ግን በዚህ ስም ሲጠራ አቤት ማለት ተወ።

ባለፈው ወር ለሥራዬ የምነዳትን ጂፕ ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ጎማ ልለውጥ ነበር። አባቴ ሥራ ከተወ ቆይቷል፤ ቁጥሩን የማነብለት እኔ ነኝ፤ አፍንጫው ግን እንዳለ ነው። ጭኜ ካመጣኋቸው ጎማዎች አንዱን አሽትቶ ገፋው፣ ሌላውን አቅፎ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ለምን ያን ሰዓት እንደመረጥኩ አላውቅም።

«አባዬ» አልኩ፤ «የስኮርታዋን ንፋስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ጎማውን በመዳፉ መደባበስ አላቋረጠም። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚያው መንገዱ ላይ። ቫልቩ የለም፤ ክዳኑ ግን ተመልሶ ጠብቋል። ሌባ ክዳን አይመልስም። ክዳን መልሺ ብዬ ጆሮዋን የያዝኳት ልጅ በዓለም ላይ አንድ ናት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትወርድብህ!»

«ለእናትሽ የቀረሻት አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለ። «አንቺን ደግሞ ነጥቄ ምን ላስቀርላት?»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ግን ሌላ ነገር ያብሰለስል ነበር።

«ያልገባኝ» አለ ቆይቶ፤ «ለምን እንዳደረግሽው ነው። ስንት ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም።»

«ትታህ ልትሄድ መስሎኝ ነው። እንደ ልብስ ሰፊው ሚስት። ጎማዎቹን ስታስተነፍስ ደግሞ ልታስቀራት መስሎኝ ላግዝህ ብዬ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሳቅ ያልቅስ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። «ትታኝ?» አለ። «በዚያ ወገቧ?»

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው የምታወሩት እናንተ?»

«ስለ ጎማ ነው» አለ አባቴ።

«ስኮርታውን ማየት እንዳትረሱ ብቻ!»

ተነሳሁ። አባቴ እጄን ያዘኝ። «ተይ» አለ፤ «አሁን ምን ያደርግላታል? እኔ ለምጄዋለሁ።» እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጓሮውን፣ በርሜሉን፣ ፍሳሹን፣ ጭፈራዬን። ስጨርስ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ።

«ስምንት።»

ከዚያ ተነሳች። ስታልፍ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች፤ ለመደገፍ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም፣ አሁንም አላውቅም። ግድግዳውን እየያዘች እስከ ደጁ ድረስ ወጣች፤ አባቴ ካቀፈው ጎማ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሰድብህ አፍህ የት ሄዶ ነበር?»

መልሱን ሳትጠብቅ በነጠላዋ ጫፍ በእጁ ላይ ያለውን የጎማ ጥላሸት መጥረግ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልውጣ ወይስ ልግባ ግራ ገብቶኝ።